በአንድ እጅ የሚስተካከል ወንበር

እኔ ደብረ ማርቆስ ከተማ የመኪና ወንበር ልብስ እሰፋለሁ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሾፌሮች ሱቄ በር ላይ ይቆሙና "ባለሙያው የለም እንዴ?" ይሉኝ ነበር። ባለሙያዋ እኔ መሆኔን ስነግራቸው መኪናቸውን ትተውልኝ ለመሄድ ያመነታሉ። አንዱን ወንበር ገፍፌ፣ ስፖንጁን ለውጬ፣ አዲስ ልብስ አልብሼ ካሳየኋቸው በኋላ ግን ጓደኞቻቸውን ይዘው ይመጣሉ።

ስፌት የለመድሁት ከአባቴ ጎን ቁጭ ብዬ ነው። አባቴ ቄስ ናቸው። የዳዊታቸው ማኅደር ማንገቻው ሲበጠስ በልጅነቴ ቆዳውን እያስያዙኝ ይጠግኑት ነበር። በወስፌ መብሳትን፣ ክርን በሰም ማሸትን፣ ክብደት የሚያርፍበትን ቦታ ለይቶ ደጋግሞ መስፋትን ያየሁት ከእሳቸው እጅ ነው። አሁን እሳቸው አርጅተዋል፤ ጣቶቻቸው በቁርጥማት ደርቀዋል። እናታችን ካረፈች ወዲህ እኔ፣ ታናሽ እህቴና እሳቸው በአንድ ግቢ እንኖራለን።

እህቴ አዋላጅ ነርስ ናት፤ ሥራዋ ሮብ ገበያ በምትባለው ከተማ ጤና ጣቢያ ነው። ባሏ ሌላ ወረዳ ስለሚያስተምር ሴት ልጃቸውን ይዛ በየቀኑ የምትመላለሰው እሷ ናት። ልጅቱን ጤና ጣቢያው አጠገብ ለምትኖር አንዲት እናት ትሰጥና ከሥራ ስትወጣ ይዛት ትመለሳለች። ለዚህ ብላ አንድ አሮጌ ትንሽ መኪና ገዛች። ባሏ ደግሞ ከአዲስ አበባ ያገለገለ የሕፃን ወንበር አምጥቶ ከኋላ አሰረላት። ልጅቱ ያኔ ሁለት ዓመቷን አልፋ ነበር።

ወንበሩ ጠንካራ ነው፤ ላስቲኩ አልተሰነጠቀም፣ ማሰሪያዎቹ አልሳሱም። ሁለቱ በትከሻዋ፣ ሁለቱ በጭኗ በኩል መጥተው እግሮቿ መካከል ባለ መቆለፊያ ላይ ይገናኛሉ። መቆለፊያው የሚፈታው ቀዩን መጫኛ ሲጫኑት ነው። ማሰሪያውን ለማላላትም ሆነ ለማጥበቅ ከመቀመጫው ጫፍ፣ ከጨርቁ ሥር የተደበቀች ብረት በጣት ፈልጎ መጫን ያስፈልጋል። ከሁሉ የባሰው የትከሻው ነው። ልጅ ባደገ ቁጥር ማሰሪያው ከፍ ባለው ቀዳዳ በኩል መውጣት አለበት፤ ለዚያ ወንበሩን ከመኪናው አውጥቶ፣ ገልብጦ፣ ማሰሪያዎቹን ከጀርባው ካለው ብረት አላቅቆ፣ በላይኛው ቀዳዳ እንደገና ማሾለክ ነው።

ይህን ሁሉ ያኔ አላውቅም ነበር። ወንበሩን በየቀኑ አየዋለሁ፤ ጨርቁ ወተት እንደፈሰሰበት፣ አንድ ቀን ልቀይርላት እንደሚገባ እንጂ ሌላውን አላስተዋልሁም።

ነገሩ የተነሳው አባቴ ወደ ሮብ ገበያ በሄዱበት ዕለት ነው። የቅኔ ቤት ባልንጀራቸው ታመው ሊጠይቋቸው ከእህቴ ጋር በጠዋት ተሳፈሩ። ከኋላ፣ ከልጅቱ ጎን ተቀመጡ። ጤና ጣቢያው ግቢ ገብተው ገና የመኪናው ሞተር ሳይጠፋ አንዲት ወላድ በቃሬዛ ደረሰች። እህቴ ቦርሳዋን እንኳ ሳታነሳ ሮጠች።

"አባዬ፣ ልጅቱን ፈተው ያውርዷትና ከዛፉ ሥር ይጠብቁኝ" ብላቸው ነበር የሄደችው።

አባቴ ቀዩን መጫኛ በአውራ ጣታቸው ተጫኑት። እንቢ አለ። በሁለት አውራ ጣት ተጫኑት። መቆለፊያው ወደ ልጅቱ ሆድ እየሰመጠ ይሸሻል እንጂ አይከፈትም። የግቢው ዘበኛ መጥቶ ሞከረ፤ እሱም ፈራ፣ ልጅቱን የሚያሳምማት መሰለው። ልጅቱ ማልቀስ ጀመረች። የወላዷ ነገር ከባድ ሆኖ ኖሮ እህቴ ከአንድ ሰዓት በላይ አልወጣችም። አባቴ በሩን ከፍተው ከጎኗ ተቀምጠው ዜማ ሲያሰሙላት ቆዩ፤ በመጨረሻ እንደታሰረች እንቅልፍ ወሰዳት። እህቴ ወጥታ "ወንድ ልጅ ተወለደ፤ ደኅና ናቸው" ስትላቸው እሳቸው በጣታቸው ወደ መቆለፊያው አመለከቱ። እሷ መቆለፊያውን ትንሽ ገፋ፣ ሳብ፣ ገፋ አድርጋ ከፈተችው። እጇ የሚያውቀው ዘዴ ነበራት።

ከሰዓት በኋላ ተመልሰው እኔ ሱቅ ደጃፍ ላይ ወረዱ። አባቴ መቋሚያቸውን ተደግፈው በርጩማዬ ላይ ተቀመጡና ነገሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገሩኝ። ሲጨርሱ እንዲህ አሉ፦

"ለካህን የማሰርና የመፍታት ሥልጣን ተሰጥቶታል ይባላል። እኔ ግን ዛሬ ሌላ ሰው ያሰራትን አንዲት ፍሬ ልጅ መፍታት አቅቶኝ ዋልሁ።"

ሳቅሁ። እሳቸውም ፈገግ አሉ፤ ወዲያው ግን ፊታቸው ተለወጠ።

"አትሳቂ ልጄ። ያ መኪና እሳት ቢነሳበትስ? እኔ እዚያው ቁጭ ብዬ ዜማ አሰማት ነበርን?"

እህቴ መኪናዋን ደገፍ ብላ ቆማለች። ፊቷን ሳየው እሷም የምትናገረው ነገር እንዳለ ገባኝ።

"ምንድን ነው?" አልኋት።

"እኔስ ምን እንደማደርግ ታውቂያለሽ እቴ?" አለች። "ጠዋት ሽቅብ ስንወጣ ከጮቄ ተራራ በኩል የሚመጣው ብርድ አጥንት ይሰብራል። ወፍራም ጃኬት አለብሳታለሁ፣ ማሰሪያውን አላላለሁ። ከሰዓት ስንመለስ ይሞቃታል፣ ጃኬቱን አወልቃለሁ። ያን ጊዜ ማሰሪያውን ማጥበቅ ነበረብኝ። ያችን ብረት በጣቴ ስፈልግ ልጅቱ ትጮኻለች፣ እኔም ደክሞኛል፣ ተረኛ አድሬ ይሆናል። እተወዋለሁ። ላላ እንዳለ አመጣታለሁ።"

በመስኮቱ ወደ ልጅቱ ወንበር ተመለከተች።

"ባለፈው ሳምንት መንገድ ላይ አህያ ገባብኝና ፍሬን ያዝሁ። ዞር ብዬ ሳይ አንዱ ትከሻዋ ከማሰሪያው ወጥቷል። ምንም አልሆነችም። ለማንም ግን አልተናገርሁም።"

ሌላዋን እናት "ልጅሽን አጥብቀሽ እሰሪ" ብላ የምትመክር ሰው ናት። ያንን በጤና ጣቢያዋ ግድግዳ ላይ እንኳ ለጥፋለች። ልቆጣት አፌን ከፍቼ ነበር፤ ግን እኔ የማሽን ክር ሲበጠስብኝና ሲመሽብኝ ስንት ስፌት "ይሁን" ብዬ እንዳለፍሁ ትዝ አለኝ።

"ቅዳሜ ወንበሩን ተዪልኝ" አልኋት።

ቅዳሜ ጨርቁን ገፈፍሁት። መቆለፊያውን ገልብጬ ሳራግፈው ከውስጡ አንዲት ድቡልቡል ደረቅ ነገር ዱብ አለች። አነሳኋትና በጣቴ ፈረከስኋት፤ ዳቦ ቆሎ ናት። ሁለተኛዋም ወጣች። ለአባቴ ወስጄ አሳየኋቸው።

"ይህን ማን ሰጣት?"

ረጅም ጊዜ አዩት። "እኔ ነኝ" አሉ በዝግታ። "በየጠዋቱ በኪሷ አደርግላታለሁ። እንግዲያ ያሰርኋትም እኔው ራሴ ነኝ።"

ጽዳቱ ግማሹን ችግር ፈታው። መጫኛው ለስላሳ እንዲሆን ግን አልፈለግሁም፤ ልጅቱ ራሷ ከፍታ መውጣት የለባትም። ችግሩ አባቴ ሲጫኑት መቆለፊያው ወደ ኋላ መሸሹ ነው። ስለዚህ የመቆለፊያው ማሰሪያ በወጣበት በኩል ከውስጥ ጠንካራ ላስቲክ ከትቼ ቀጥ ብሎ እንዲቆም አደረግሁ፤ ሁለት ጣት ከበስተኋላው ገብቶ ደገፍ የሚያደርግበት ቦታም ተውሁለት። ማላሊያዋን ብረት ከደበቀው ጨርቅ ላይ ደግሞ ቀዳዳ ቆርጬ ጠርዙን ሰፋሁና ከብረቷ ጋር ቀይ የጨርቅ ጅራት አያያዝሁ። ከእንግዲህ የሚፈልግ ሰው በጣቱ መዳሰስ የለበትም፤ ቀዩን አይቶ ይስባል።

የትከሻው ግን አስቸገረኝ። ልጅቱ አድጋ ስለነበር ማሰሪያውን ወደ ላይኛው ቀዳዳ ላዛውረው ተነሳሁ። በሙያዬ ስንት የመኪና ወንበር የፈታሁ ሰው ነኝ፤ ይህቺን ትንሽ ወንበር ገልብጬ ማሰሪያዎቹን አሾልኬ ስጨርስ ጠዋቱ አለቀ። ደስ ብሎኝ ቀና ሳደርገው አንደኛው ማሰሪያ ተጠማዝዞ ገብቷል። እንደገና ፈታሁት። ከዚያ በኋላ እህቴን "ለምን አላስተካከልሽም" ለማለት የቀረኝ ወኔ ጠፋ።

ሰኞ ዕለት የአንድ ሚኒባስ ወንበሮችን አለብስ ነበር። እንደ ሁልጊዜው ሥራ የጀመርሁት የራስ መደገፊያዎቹን በማውጣት ነው። መደገፊያው በሁለት ብረት እግሮች ቆሟል፤ ከጎኑ ያለችውን ቁልፍ ጫን ሲሉ ወደ ላይም ወደ ታችም ይሄዳል፣ ሲለቁት ከብረቱ ላይ ባለው ጥርስ ይያዛል። ይህን በዓመት መቶ ጊዜ ሳደርገው ምንም አስቤበት አላውቅም። ያን ቀን ግን መደገፊያውን በእጄ ይዤ ቆምሁ። የትከሻው ማሰሪያ የሚያልፈው በቀዳዳ ሳይሆን እንዲህ በሚወጣና በሚወርድ ብረት ላይ ቢሆንስ? ልጅቱ ስታድግ ራስ መደገፊያዋን ከፍ ማድረግ ብቻ ነው፤ ማሰሪያው አብሮ ይከተላል። የሚፈታ የለም፣ የሚሾልክ የለም።

ከአንድ የተጣለ መኪና መደገፊያ ይዤ ማዶ ወዳሉት በያጅ ሄድሁ። ጋሼ እላቸዋለሁ፤ ሽማግሌ ሰው ናቸው፣ በመበየጃው ጩኸት ብዛት አንድ ጆሯቸው አይሰማም። ለማንኛውም ሰው የመጀመሪያ መልሳቸው አንድ ነው።

"አይሆንም" አሉኝ።

"ጋሼ፣ ገና አልጨረስሁም እኮ።"

"ጨርሺው። አይሆንም።"

ጨረስሁላቸው። ወንበሩን ከእጄ ተቀብለው ገለበጡት፣ በጥፍራቸው ጀርባውን አንኳኩ። ከዚያ ጠመኔ አነሱና ወለሉ ላይ መሳል ጀመሩ። እሳቸው ጠመኔ ካነሱ ነገሩ ሆኗል ማለት ነው።

የተስማማነው እንዲህ ነው። መቆለፊያውንም ማሰሪያዎቹንም አንነካም፤ ፋብሪካው እንደሠራቸው ይቆያሉ። የጀርባውን ቀዳዳዎች አገናኝተን ሁለት ረዣዥም ስንጥቆች እናደርጋለን፤ ያ ጀርባውን ስለሚያደክመው ከበስተኋላ ውስጡ ባዶ በሆነ በቱቦላሬ ብረት ሙሉ ክፈፍ እናለብሰዋለን። ክፈፉ ላይ የመደገፊያው እግሮች ይወጣሉ ይወርዳሉ፤ የትከሻው ማሰሪያ በእነሱ መካከል በተበየደ አግዳሚ ላይ ያልፋል።

ሲያልቅ በእሱ ላይ ልጅ ማስቀመጥ አልደፈርሁም። ጋሼም አልደፈሩም። ልጅቱን ወፍጮ ቤት ወስደን በእህል ሚዛን ላይ አስቀመጥናት፤ እየሳቀች አልወርድም አለች። እሷ ከወረደች በኋላ የእሷን ያህል ጤፍ በከረጢት አስሞላሁ። ከረጢቱን ወንበሩ ላይ አስረን፣ ወንበሩን በጋሼ ፒካፕ አስረን፣ ወደ ደብረ ኤልያስ በሚወስደው መንገድ ሰው ከማይበዛበት ሜዳ ሄድን። እሳቸው ነዱ፤ እኔ ከጎናቸው ተቀምጬ ወደ ኋላ ዞሬ እመለከታለሁ።

"ያዝሁ" አሉና ፍሬኑን ረገጡት።

ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ጥርሱ በአንድ በኩል ብቻ ነበርና የሚይዘው አመለጠ፤ አግዳሚው ወደ ታች ወረደ፤ ከረጢቱ ወደ ጎን ተጣጥፎ በብረቱ ጫፍ ተቀደደ። ጤፉ መኪናው ውስጥ ሁሉ ፈሰሰ። ወርጄ ሣሩ ላይ ተቀመጥሁ። የማየው ጤፍ አልነበረም።

ጋሼ መጥተው ከአጠገቤ ቆሙ።

"ተዉት ጋሼ፣ እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ" አልኋቸው። "የማይመለከተኝ ነገር ውስጥ ገባሁ።"

"እኔስ በር በያጅ አይደለሁም?" አሉ። ከዚያ ጎንበስ ብለው የጤፉን ፍሬ ከወንበሩ ስፌት ውስጥ በጣታቸው ማውጣት ጀመሩ። "ጥሩ ሆነ። ዛሬ ማምለጡ ጥሩ ሆነ። ጤፍ ይለቀማል።"

እስኪመሽ ድረስ ስንለቅም ቆየን። ያን ያህል ለቅመን እንኳ ለወራት ያህል ልጅቱ በጠዋት ከጥፍሯ ሥር ጤፍ ይዛ ከመኪናው ትወርድ ነበር።

ሁለተኛውን ለመሥራት ሳምንታት ፈጀብን፤ እስከዚያ ልጅቱ ከአባቴ ጋር ቤት ትውል ነበር። ጋሼ የመኪና መደገፊያውን ጥርስ ትተው በሁለቱም እግሮች ላይ ክብ ቀዳዳዎች በሱ፤ ከግራና ከቀኝ ወፍራም ፒኖች ሞላ በሚባለው ጥቅል ሽቦ ተገፍተው ይገባሉ። ሁለቱን ፒኖች የሚያወጣው ከመደገፊያው አናት ላይ ያለ አንድ እጀታ ነው፤ በአንድ እጅ ጨበጥ ሲያደርጉት ሁለቱም ይወጣሉ፣ ሲለቁት ሁለቱም ይገባሉ። አንዱ ብቻ ከገባ እጀታው ወደ ቦታው አይመለስም፤ በዓይን ይታያል። ይህን የመጨረሻውን ያሰቡት ጋሼ ናቸው፤ ለሰው ሲናገሩ ግን "የእሷ ሐሳብ ነው" ይላሉ።

እንደገና ወደ ሜዳው ሄድን። ፍሬኑን ደጋግመው ረገጡት፤ በቀስታ፣ በፍጥነት፣ ጉድጓድ ላይ። ከረጢቱ ከነአንገቱ ተቀምጦ ቀረ። ለአዲሱ ጨርቅ ግራጫ መርጬ በጠንካራ ክር ሰፋሁት፤ ታጥቦ እንዲመለስም በዚፕ አደረግሁት።

ለእህቴ ሳስረክባት እውነቱን ነገርኋት። "ፋብሪካ የሚፈትንበት መሣሪያ የለኝም። የፈተንሁት በጤፍ ነው።"

ወንበሩን እያገላበጠች አየችው። "እኔ ላላ አድርጌ ሳስራት የነበረውንስ ማን ፈተነው?" አለችኝ። ከዚያ አንድ ነገር ጨመረች፤ ከሥራ ባልደረቦቿ ከአንዷ የሰማችው ነው። ጃኬቱ ከማሰሪያው ሥር መሆን አልነበረበትም፤ ልጅቱን በስስ ሹራብ አስሮ ጃኬቱን ወይም ጋቢውን ከላይ ማልበስ ነው። ሁለታችንም ይህን ያህል ቀላል ነገር ሳናውቅ ብዙ ብረት መበየዳችን አሳቀን። ማሰሪያው ግን ልጅቱ ባደገችና ልብሷ በተለወጠ ቁጥር መስተካከሉ አይቀርም፤ አሁን ትጨብጣለች፣ ከፍ ታደርጋለች፣ ትስባለች፣ በቃ። ጠዋት ከግቢ ስትወጣ በሌላው እጇ ቦርሳዋን ይዛ ስታደርገው አያታለሁ።

አባቴ ግን ልምምድ ካላደረግሁ አልሄድም አሉ። ወንበሩን ግቢ ውስጥ አግዳሚ ላይ አስቀመጥንላቸውና ልጅቱን ማሰርና መፍታት ያዙ። በመጀመሪያው ቀን ደጋግመው ተሳሳቱ። ሁለት ጣታቸውን ከመቆለፊያው ኋላ አድርገው በአውራ ጣታቸው መጫን ሲለምዱ ከፈቱት። ልጅቱ ጨዋታው ጣማት።

"አባባ፣ እሰረኝ" ትላለች። ያስሯታል። "አባባ፣ ፍታኝ።" ይፈቷታል። "አባባ፣ እሰረኝ።"

"እንግዲህ ይህቺ ልጅ ሎሌዋ ልታደርገኝ ነው" ይላሉ እየሳቁ፤ ግን አይተዉም። ዳቦ ቆሎውንም ከመኪና ከወረደች በኋላ ነው የሚሰጧት።

ወሬው ከጤና ጣቢያው እናቶች ደረሰ። አንዲት መምህርት የራሷን አመጣች። ከደብረ ኤልያስ አንድ የእህል ነጋዴ መጣ፤ ወንበሩን ከገዛው ዓመት አልፎታል፣ ለማሰር ስለከበደው ልጁን በጉልበት ላይ እያስቀመጡ፣ ወንበሩን የሽንኩርት ማስቀመጫ አድርገውት ኖሯል። ሌላ ሰው ያመጣው ግን ጀርባው ተሰንጥቆ ነበር፤ ግጭት ካየ መኪና የወጣ ነው። አልሠራም አልሁት። ተቆጣ፤ "ጨርቅ አልብሺው እንጂ ማን ያየዋል?" አለኝ። አላለበስሁለትም። ከወር በኋላ ሌላ፣ ያልተሰነጠቀ ይዞ ተመለሰ፤ ስለ ፊተኛው ሁለታችንም አላነሳንም። እያንዳንዱ ወንበር የተለየ ስለሆነ ጋሼ ለእያንዳንዱ "አይሆንም" ይሉና ጠመኔ ያነሳሉ።

ዘንድሮ መስከረም ላይ አራታችንም ወደ መርጡለ ማርያም ገዳም ተጓዝን፤ አባቴ ለረጅም ጊዜ ሲመኙት የነበረ ነው። እኔ ከኋላ ከልጅቱ ጎን ተቀመጥሁ። ሜዳው በአደይ አበባ ቢጫ ሆኗል፤ ጤፉ ገና አረንጓዴ ነው። እህቴ ትነዳለች፣ አባቴ ከፊት ሆነው በዝግታ የሆነ ነገር ያዜማሉ። ልጅቱ ትንሽ ከብቶች ስትቆጥር ቆየችና ራሷን መደገፊያው ላይ ጥላ ተኛች፤ ጉንጯ ጨርቁ ላይ ተለጥፏል። ከጉንጯ አጠገብ አንድ መስመር ስፌት ትንሽ ተጣሟል፤ እስከዚያ ቀን አላየሁትም ነበር። ሌላ ደንበኛ ቢሆን ፈትቼ እሰፋው ነበር። ሳምንት እፈታዋለሁ አልሁ በልቤ። እስካሁን አልነካሁትም።